ነገርን ከሥሩ፦ ፎቅ ለምንጋራ ሁሉ

ወገኖች፣ አንድ ሶሌታ ሁለት ቤት ያገለግላል። ላይ ያለው ወለሌ ይለዋል፣ ታች ያለው ጣሪያዬ ይለዋል። ውፍረቱ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። በዚያች ስንዝር ኮንክሪት ምክንያት ሰላምታ የተነፋፈጉ፣ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩ ሰዎች በየሕንፃው አሉ። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" እየተባልን አድገን፣ የቅርብ ጎረቤታችንን ስሙን እንኳ ሳናውቅ በኮቴው ብቻ እንጠላዋለን። ያሳፍራል። ይበልጥ የሚያሳፍረው ደግሞ አብዛኛውን ጠብ የወለደው ክፋት ሳይሆን ያረጀ ጎሚኒ፣ የደረቀ ሲፎንና ባዶ የወንበር እግር መሆኑ ነው።

ከድምፅ እንጀምር። ድምፅ ጎረቤት ቤት የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአየር የሚሄደው ነው፦ ንግግር፣ ቴሌቪዥን፣ የሕፃን ልቅሶ። ይህ በመስኮት፣ በበር ሥርና በስንጥቅ ይሾልካል፤ መስኮት ሲዘጋ ብዙው ይቀራል። ሁለተኛው በሕንፃው አካል ውስጥ የሚሄደው ነው፦ የተረከዝ ኮቴ፣ የወደቀ ዕቃ፣ የሚጎተት ወንበር። ኮንክሪት ጠንካራና ወጥ ስለሆነ ንዝረትን ተቀብሎ ያደርሳል እንጂ አያበርደውም። ስለዚህ መስኮት ቢዘጋ፣ በር ቢቆለፍ ለውጥ የለም። መድኃኒቱ ንዝረቱ ኮንክሪቱን ሳይነካ በፊት ማለስለስ ነው፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። ታች ያለው ኮርኒሱን በስፖንጅ ቢሸፍነው ገንዘቡን ይጥላል።

አንድ ወንበር ብቻ ተመልከቱ። እግሩ ባዶ የሆነ ወንበር ሴራሚክ ላይ ሲጎተት በለስላሳ አይንሸራተትም። ይይዛል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይይዛል፤ ይህንም በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ያደርገዋል። እያንዳንዱ መያዝና መልቀቅ በወለሉ ላይ ያረፈች ትንሽ መዶሻ ናት። እራቱን ጨርሶ ለሚነሣው ሰው ድምፁ ከምንም አይቆጠርም፤ ታች ትራስ ላይ ላለው ጆሮ ግን ጣሪያው የተቀደደ ያህል ነው። ላይኛው "እኔ ምን አደረግሁ?" ሲል አይዋሽም። አልሰማውማ! መፍትሔው በእያንዳንዱ እግር ሥር 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሱፍ ጨርቅ መለጠፍ ነው። እግሩ መጀመሪያ ከአቧራና ከቅባት ይጽዳ፤ አለበለዚያ በሳምንቱ ይላጣል። በየጥቂት ወሩም ገልብጣችሁ እዩት፤ ጨርቁ አሸዋ ከያዘ ወለሉን ይቧጭራል፣ ከሳሳም እንዳልነበረ ነው። ምንጣፍም ቢሆን ቀጭን ከሆነ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይጠቅምም፤ ሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ይፈልጋል። ቤት ስትገቡ ተረከዛም ጫማችሁን አውልቁ።

ሙዚቃ የምትወዱ ሆይ፣ ግድግዳ የሚያልፈው ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ነው። 50 ሄርትዝ የሆነ ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ ቀጭን የብሎኬት ግድግዳ እንዲህ ያለውን አይመልሰውም። ስለዚህ ድምፁን ሁሉ ከመቀነሳችሁ በፊት ቤዙን ቀንሱ፣ ስፒከሩን ከጋራ ግድግዳ አርቁት፣ ከወለል አንሥታችሁም ወፍራም ጎማ ላይ አስቀምጡት። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ቤት የመከረው 30 ዴሲቤል ነው፤ በሹክሹክታ ደረጃ ማለት ነው። ሌሊት የሰው መኝታ ቤት ምን ያህል ጸጥታ እንደሚፈልግ ከዚህ ገምቱ።

የልብስ ማጠቢያ ማሽንም የብዙ ቤት ነገር ሆኗል። ሲጨምቅ በደቂቃ ከ1000 ጊዜ በላይ ስለሚዞር አንዱ እግሩ ትንሽ እንኳ ከፍ ካለ ሕንፃውን ያንቀጠቅጣል። ውኃ ልክ የሚባለውን መለኪያ ከላዩ አስቀምጡና አራቱንም እግሮች አስተካክሉ፣ ሥራቸው የጎማ ንጣፍ አድርጉ። አዲስ ማሽን ከሆነ ለጉዞ ተብለው ከጀርባው የታሰሩት ብሎኖች መፈታታቸውን አረጋግጡ፤ ሳይፈቱ ማሠራት ጎረቤትን ማወክ ብቻ ሳይሆን ማሽኑንም መግደል ነው። ሌሊት ደግሞ አታጥቡ። ግድግዳ የምትበሱና የምታፈርሱም ቀኑንና ሰዓቱን ከሁለት ቀን በፊት መግቢያው ላይ ለጥፉ፤ ያወቀ ሰው ልጁን ይዞ ይወጣል፣ ያላወቀ ይረግማል።

ታች ያላችሁም ከተግሳጹ አታመልጡም። በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒስ መደብደብ ምን ይባላል? ንዝረቱ ወደ ላይም ወደ ጎንም ስለሚሄድ ምንም ያልበደለ ሕፃን ይቀሰቅሳል። ደግሞስ ድምፁ በእርግጥ ከላይ ነው? በቧንቧና በኮለን የሚሄድ ንዝረት ያሳስታል፤ ከራሳችሁ በላይ የመሰላችሁ ከጎን ወይም ከሁለት ፎቅ በላይ ሊሆን ይችላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ለሰባት ቀን ሰዓቱን፣ የድምፁን ዓይነትና የተሰማበትን ክፍል ጻፉ። ወረቀቱ አንድም መነሻውን ያሳያችኋል፣ አንድም "ሁልጊዜ" ያላችሁት በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑን።

ውኃ ከድምፅ ይከፋል፤ ድምፅ ሲነጋ ያልፋል፣ የራሰ ኮርኒስ ግን ቀን ከሌት ያፈጥባችኋል። ታችኛው ቡናማ ክብ አይቶ ሲወጣ ላይኛው "እኔ ቤት ደረቅ ነው" ብሎ በሩን ይዘጋል። ወለሉ ደረቅ መሆኑ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ውኃው የሚሄደው ከሴራሚኩ ሥር ነውና። በቃል ከመሟገት ፈትኑት። በላይኛው ቤት ያለው ቧንቧ ሁሉ ይዘጋ፣ የቆጣሪው ቁጥር በስልክ ፎቶ ይነሣ፣ ለ2 ሰዓት ማንም ውኃ አይንካ፤ ሽንት ቤትም ቢሆን። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ግፊት ያለበት መስመር ያፈሳል፣ ወይም የሽንት ቤቱ ውኃ ማጠራቀሚያ በዝምታ እየወረደ ነው። ይህን ለመለየት ማጠራቀሚያው ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሩና ውኃውን ሳትለቁ 30 ደቂቃ ቆዩ፤ መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ ያረጀው የታችኛው ጎሚኒ ነው፤ ይህኛው ወደ ፍሳሽ ይሄዳል እንጂ ጎረቤት ላይ አይንጠባጠብም።

ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ ጥርጣሬው ወደ ፍሳሽ መስመሩና ወደ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ይዞራል። የወለሉን የፍሳሽ አፍ በላስቲክና በጨርቅ አጥብቃችሁ ድፈኑ፣ ከደፉ ሳያልፍ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ውኃ ያዙበት፣ ከፍታውን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ 24 ሰዓት ጠብቁ። ታች አንድ ሰው ከመጀመሪያው ይከታተል፤ ጠብታ ካየ ፈተናው በዚያው ያብቃ፣ ውኃው ይለቀቅ። ጠብታ ከታየ ወይም ውኃው ከምልክቱ በግልጽ ከወረደ በሴራሚኩ ሥር ያለው ውኃ መከላከያ ሽፋን ተበስቷል። ምንም ካልሆነ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ በባልዲ በፍሳሹ ልቀቁ፤ ታች ቀለም ከመጣ የላላው የፍሳሹ ቧንቧ ወይም መጋጠሚያው ነው። ውኃው በመብራት ቀዳዳ የሚወርድ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት የዚያን መስመር ብሬከር አጥፉ።

ጥገናው ላይ የሚሠራው ስሕተት ያው አንድ ነው፦ ታች ቀለም መቀባት፣ ላይ ስንጥቁን በሲሚንቶ ወይም በሲሊከን መለቅለቅ። በሴራሚክ መካከል ያለው ሙሊት ውኃ አያግድም፤ የሚያግደው ሥሩ ያለው ሽፋን ነው። ሽፋኑ ከተበሳ ሴራሚኩ ይነሣል፣ አዲሱ ሽፋን ወለሉን ይዞ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ ይወጣል፣ ሻወር ባለበት በኩል ደግሞ ከዚያ በጣም ከፍ ይላል፤ ያው የ24 ሰዓት ፈተናም ሴራሚኩ ከመመለሱ በፊት ይደገማል። ባለሙያው "አያስፈልግም" ካላችሁ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ለዓመት የተተወ ርጥበት የሶሌታውን ብረት ያዝጋል፣ የዛገ ብረት ያብጣል፣ ኮንክሪቱንም ከታች ያራግፈዋል። ያኔ የጎረቤት ነገር መሆኑ ቀርቶ የሕንፃው ሕመም ይሆናል። ደግሞም ውኃ በጠፋ ቀን የከፈታችሁትን ቧንቧ ሳትዘጉ ከቤት አትውጡ።

የፍሳሽ ነገር ሲነሣ ብዙዎች አፍንጫቸውን ይይዛሉ እንጂ አያስቡበትም። የሁላችን ቆሻሻ በአንድ ቁም ቧንቧ ይወርዳል። ታች ሲደፈን ቆሻሻው ገንፍሎ የሚወጣው በደፈነው ሰው ቤት ሳይሆን በመጀመሪያው ወለል ባለው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ዳይፐር፣ ሞዴስና እርጥብ መጥረጊያ በሽንት ቤት የሚለቅ ሰው በሌላው ቤት ላይ እንደሚደፋ ይወቅ። የሽንት ቤት ሶፍት ውኃ ውስጥ ይበታተናል፣ እነዚህ አይበታተኑም። የምግብ ዘይትንም በሙቅ ውኃ አጥቤ አሳለፍሁት አትበሉ፤ ሙቅ ውኃ ራቅ አድርጎ ይወስደዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ቧንቧው ውስጥ ሲበርድ ይረጋል። ቀዝቅዞ ክዳን ባለው ጠርሙስ ይጣል፣ መጥበሻው ከመታጠቡ በፊት በሶፍት ይጠረግ። የፍሳሽ ሽታና በረሮ ሲያስቸግራችሁም ወዲያው ጎረቤት አትውቀሱ፤ ሲፎኑ፣ ማለትም ከፍሳሹ አፍ ሥር ያለው ጎባጣ ቧንቧ ውስጥ ቆሞ ሽታውን ማገድ ያለበት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ደርቆ ሊሆን ይችላል። በማትጠቀሙበት ፍሳሽ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሊትር ውኃ አፍስሱ።

ደረጃውን መጋዘን ያደረጋችሁት አንሡ። እሳት የተነሣ ቀን ጭሱ በደረጃው እንደ ጭስ ማውጫ ወደ ላይ ይሮጣል፣ ሰውም በዚያው ጨለማ በዳሰሳ ይወርዳል፤ የእናንተ ብስክሌትና አሮጌ ፍራሽ የሚጥሉት ያኔ ነው። የጋዝ ሲሊንደር መውረጃ ላይ ወይም ምድር ቤት አይቀመጥ፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ባልኮኒ ላይ የምታስቀምጡት የ1000 ሊትር ታንከር ሲሞላ ውኃው ብቻ አንድ ቶን ይመዝናል፣ ባልኮኒው ደግሞ ለሰውና ለወንበር የተሠራ ነው፤ መሐንዲስ ሳይጠየቅ አይሆንም።

የጋራ መዋጮ የሰበሰባችሁም፣ በየወሩ የገባውን፣ የወጣውንና የቀረውን በአንድ ገጽ መግቢያው ላይ ለጥፉ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ገንዘቡም በሁለት ሰው ፊርማ ይውጣ። የተለጠፈ ሒሳብ ካለ "የት ገባ?" የሚል ሐሜት መነሻ ያጣል። የማትከፍሉትም ፓምፑ ሲቃጠል የምትጮኹት እናንተ ናችሁና ክፈሉ።

አሁን ስለ ማንኳኳት። በተናደዳችሁበት ሌሊት አትውጡ፤ በማግስቱ ከሥራ መልስ ውጡ። ብቻችሁን ሂዱ፣ ሰው አስከትላችሁ አትክበቡ። "እናንተ ሰዎች አታስተኙንም" ሳይሆን "ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ከመኝታ ቤታችን በላይ የሚጎተት ነገር እንሰማለን፤ ከእናንተ ዘንድ ይሆን? አብረን እንየው" በሉ። በሩን የምትከፍቱትም በ"ካፈርሁ አይመልሰኝ" ለክርክር አትቁሙ። ልጃችሁ ወንበሩ አጠገብ ይቁም፣ እናንተ ከጎረቤታችሁ ጋር ወርዳችሁ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ዝም ብላችሁ ቁሙ። በስልክ ደውሉና "ጎትት" በሉት። ስሙት። ከዚያ ውጡ፣ ጨርቁን በአራቱም እግሮች ለጥፉ፣ ደግማችሁ ወርዳችሁ እንደገና አስጎትቱት።