ከሥራ በኋላ ያለችውን ሰዓት ተዉልን

በቅርቡ እዚሁ ደሴ ውስጥ በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ የተናገሩት ነገር እስካሁን አልዋጥልኝ ብሏል። ከሥራ መልስ ክራርና ማሲንቆ ስንለማመድባት የከረምናት ክፍል ተዘግታ ለሥልጠና እንድትውል መወሰኑን ካበሰሩን በኋላ፣ ቅሬታችንን ከፊታችን አንብበው መሆን አለበት፣ ምክንያቱን ያስረዱን ጀመር። ጎልማሳ ሰው በየማታው ክራር ታቅፎ መቀመጡ ከኑሮ መሸሽ መሆኑን፣ አባቶቻችን መዝናኛ የሚባል ነገር ሳያውቁ ሌት ተቀን ሠርተው አገር እንዳቆዩን፣ ለድሃ አገር ትርፍ ሰዓት ቅንጦት እንደሆነ ነገሩን። ተጨበጨበላቸው። ነገሩ የአንዲት ክፍል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሳሁ ነበር፤ ክፍሏ ከስምንት ሰው በላይ የማትይዝ፣ አንዱ መስኮቷ በካርቶን የተደፈነ፣ ክረምት ሲገባ ጣሪያዋ የሚያፈስ ስለነበረች ማንም አይቀናባትም። ያንገበገበኝ ምክንያቱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አባቶቻችን መዝናኛ አያውቁም የሚለውን ውሃ የማያነሳ ክርክር እንመልከት። ይህን ሌላ ቦታ ቢናገሩት ምናልባት የሚሰማቸው ይገኝ ይሆናል፤ ወሎ ላይ ቆሞ መናገር ግን ድፍረት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከተባሉት አራት ቅኝቶቻችን ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ ምድር ነው፤ አንደኛው በሰኞ ገበያዋ ከምትታወቀው ከባቲ፣ ሁለተኛው ከሐይቅ ከተማ ወዲያ ካለው ከአምባሰል። ታዲያ አምስት ድምፅ ብቻ ይዞ፣ አንዱን ክር ላላ ሌላውን ጠበቅ እያደረገ፣ ሐዘንን ከናፍቆት የሚለይ ዜማ ያበጀው ሰው ይህን ሁሉ የሠራው በየትኛው ሰዓቱ ነው? ሞፈር እንደጨበጠ ነው? ለዱዓ በሚሰበሰቡበት ወዳጃ ላይ እየተጨበጨበ የሚዜመው መንዙማስ? አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ጎረቤት ተጠርቶ ሦስት ጊዜ የሚቀዳው ቡናስ? አባቶቻችን መዝናኛ የሚለውን ቃል ላያውቁት ይችላሉ፤ ነገሩን ግን ከእኛ ይልቅ ያውቁት ነበር።

የእኔን አያት ልጥቀስ። እኔ ነፍስ ሳውቅ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ገና አልታወጀም፤ አያቴም ኩታበር አካባቢ በእኩል የሚያርስ ሰው ነበር። መሬቱ የሌላ፣ ጥንድ በሬው የሌላ፣ ከሚያፍሰው እህል ግማሹ የሌላ ነው፤ ቀኑ ራሱ የእሱ አልነበረም፤ ባለመሬቱ ባዘዘው ቦታ ይውላልና። የእኔ ናት የሚላት አንዲት ዕቃ ዋሽንቱ ነበረች። ሸምበቆዋን ከወንዝ ዳር ቆርጦ፣ ጥላ ላይ አድርቆ፣ ቀዳዳዎቿን በጋለ ወስፌ አንድ በአንድ እየተኮሰ የበሳት ራሱ ነው። ማታ ከብቱ ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ደጁ ካለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጥና አፏን በምላሱ እርጥብ አድርጎ ይጀምራል። ያን ጊዜ እሱን መጥራት አይቻልም። ሴት አያቴ ራት ቀረበ ብላ ብትልከን እንኳ ደፍረን አንጠጋውም፤ ቆመን እንጠብቃለን። አንድ ቀን ስንጠራው ለምን አቤት እንደማይለን ብጠይቀው፣ «ያን ጊዜ እኮ እዚህ አልነበርኩም አባቴ» አለኝ።

እኒያ ኃላፊ ይህን ቢሰሙ ይኸው፣ ሸሸ ይሉን ነበር። አዎን፣ ሸሸ፤ ግን ከምን? ከባለመሬቱ፣ ከዕዳው፣ ነገም ማልዶ ከሚጠብቀው የሰው እርሻ ነው የሸሸው፤ ያውም ለግማሽ ሰዓት። በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ እዚያው እርሻ ላይ ነበር። እንዲያውም ያችን ግማሽ ሰዓት ባያገኝ ኖሮ ያን ኑሮ ያን ያህል ዘመን ባልተሸከመው ነበር እላለሁ፤ ማስረጃ አምጣ የሚለኝ ካለ ማስረጃዬ አያቴ ነው። የ1966ቱ ረሃብ በቤቱ የነበረውን ዕቃ ሁሉ ሲያስሸጠው እንኳ ዋሽንቷ ቀረችለት፤ ገበያ ላይ የሚፈልጋት አልነበረምና።

መሸሽ የሚለውንም ቃል እንደ ስድብ ከመወርወራቸው በፊት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ሐይቅ ድረስ ብቅ ቢሉ መልካም ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳማቸውን ያቋቋሙባት ቦታ፣ ዛሬ ከየብስ ጋር ብትገናኝም፣ ያን ጊዜ በውሃ የተከበበች ደሴት ነበረች፤ ዓለምን ለሸሸ ሰው ከዚያ የተሻለ አይገኝም። ከዚያ ሽሽት የተረፈን ግን ትምህርትና የብራና መጻሕፍት ናቸው። በወሎዎቹ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት በዳናና በጀማ ንጉሥ ከዓለም ጫጫታ ገለል ብለው የተቀመጡ ሼሆችም አማርኛውን በዓረብ ፊደል እየጻፉ ያቆዩልን መንዙማ ዛሬም ይዜማል። እነዚህንም ሥራ ፈቶች ልንላቸው ነው?

ሕጉን ላነሳ አልፈለግሁም ነበር፤ ሆኖም ቅንጦት ስለተባለ ላንሳው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ዕረፍትንና የመዝናኛ ጊዜን ከሠራተኛ መብቶች ጋር ይቆጥራል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የተረፈው ሰዓት የማን ነው ተብሎ ነው?

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ምርቃና ላይ የሚከርም፣ ወይም ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል የሚያነጋ ሰው አምልጫለሁ ቢለኝ አላምነውም፤ ጌታ ቀየረ እንጂ ነፃ አልወጣም። ለእሱ የታሰበለት መድኃኒት ክራር የሚማርበትን በር መዝጋት ከሆነ ግን ሕክምናው ከበሽታው የባሰ ነው። በስብሰባው ማብቂያ ላይ ኃላፊው እኛን ለማባበል ያህል፣ ልምምዱ ወደ ገቢ ማስገኛ የሚለወጥ ከሆነ ሊታሰብበት እንደሚችል ጣል አደረጉ። ይኼ ደግሞ ይባስ! የሚሸጥ ነገር ገዢ አለው፤ ገዢ ያለው ነገር አዛዥ አለው፤ እኛ ወደዚያች ክፍል ስንሄድ የከረምነው ቀኑን ሙሉ ስንታዘዝ ውለን ነው።

ከመካከላችን አንዲት ነርስ አለች። በ2014ቱ ጦርነት ወቅት ያየችውን አታወራም፤ እኛም አንጠይቃትም። ከተረኛነቷ ወጥታ ስትመጣ ጋቢዋን ወንበሩ ላይ ታኖርና ክራሯን ታነሳለች፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አትጫወትም፣ ጆሮዋን ወደ ክሩ አስጠግታ ትቃኛለች፤ ትፈታለች፣ መልሳ ታጠብቃለች። አንገቷ ከትከሻዋ ቀስ እያለ ሲላቀቅ ይታያል። መድረክ ላይ የመውጣት ሐሳብ የላትም። ከስድስት ወር ልምምድ በኋላም የምትችለው አንድ አምባሰል ብቻ ነው፤ እሱንም መሃሉ ላይ ስትደርስ ትስተዋለች፤ ትስቅና እንደገና ትጀምራለች። ይህችን ሴት ከኑሮ ሸሽተሻል የሚላት ሰው አንድ ሌሊት በእሷ ተረኛነት ገብቶ ይደርና ጠዋት እንነጋገር።

ቁልፉን ካስረከብን ሦስት ሳምንት አለፈን። ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ በዚያ አለፍሁ። ሥልጠና የለም፣ ሠልጣኝም የለም፤ በሩ ላይ ከእኛው የሚተልቅ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ መስኮቱም በዚያው ካርቶን እንደተደፈነ ነው።