በአንድ ጣራ ሥር ያልሆነ ቤተሰብ

አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤት ቅጽ ይዛ መጣች፤ «የወላጅ ፊርማ» በሚለው መስመር ላይ አያቷ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክተው አተሙበት እንበል። እናቷ ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ የደብተሩንና የጫማውን ወጪ የምትሸፍነው፣ ማታ ማታም በኢሞ ደውላ ስለ ቤት ሥራዋ የምትጠይቃት እሷ ናት። ለመሆኑ የዚህች ልጅ ቤተሰብ የቱ ነው?

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ጆርጅ ፒተር መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1949 የ250 ማኅበረሰቦችን መረጃ አነጻጽሮ፣ ቤተሰብ ማለት አብሮ የሚኖር፣ በኢኮኖሚ የሚተባበርና የሚዋለድ ቡድን ነው ብሎ ነበር። በዚህ ሚዛን የቤይሩቷ እናት ከገዛ ቤተሰቧ ውጭ ትቀራለች። ተቺዎች ግን ባል ማታ መጥቶ ጠዋት ይሄድባቸው የነበሩትን፣ ልጆችም በእናታቸው ወገን ቤት ከአጎቶቻቸው ጋር ያድጉ የነበሩባቸውን የደቡብ ሕንድ ናያሮች እየጠቀሱ ብያኔውን ሞግተውታል። ብሪታኒያዊው ሶሲዮሎጂስት ዴቪድ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1996 ጥያቄውን ራሱን ቀየረው፤ ቤተሰብን አንድ ጊዜ ተሠርቶ እንደቆመ ተቋም ሳይሆን ሰዎች በየዕለቱ በሚያደርጉት እንመልከተው አለ።

እኔ ከሞርጋን ጋር ነኝ። «ቤተሰብ» የሚለው ቃላችን ቤትን ቢያስቀድምም፣ ልማዳችን ከደጃፍ ውጭ ያለውንም ዘመድ ሲያደርግ ኖሯል፤ አበልጅ አለ፣ የክርስትና ልጅ አለ፣ ጉዲፈቻ አለ። ያደገ ሰው የሌላውን ጣት ጠብቶ «የጡት ልጅ» ይሆን እንደነበርም የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መንገደኞች ጽፈዋል።

ሕጋችን በባልና ሚስት በኩል ብዙ ተራምዷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ አድርጎት ነበር፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሁለቱን እኩል ከማድረጉም በላይ፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው ለኖሩ ሰዎች በግንኙነቱ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ እንዲሆን ፈቅዷል። በአያት በኩል ግን እንዲህ አይደለም፤ ሕጉ አያቶችን ወደ አሳዳሪነት፣ ማለትም ለልጁ በሕግ ኃላፊ ወደ መሆን፣ የሚጠራው ወላጆች ሲሞቱ ወይም ኃላፊነቱን መወጣት ሳይችሉ ሲቀሩ ነው። የቤይሩቷ እናት አልሞተችም፣ ኃላፊነቷንም አልጣለችም፤ ሌሊት ትኩሳት የያዛትን ልጅ አዝለው ጤና ጣቢያ የሚሮጡት ግን አያት ናቸው።

ብያኔው እንዲህ ከሰፋ ጎረቤቱ ሁሉ ቤተሰብ ሊሆን ነው የሚለው ስጋት መሠረት የለውም አልልም። ሆኖም ድንበሩ ግዴታ ነው፤ ጎረቤት ቢቀር ይታዘንበታል እንጂ አይጠየቅም፣ አያትና እናት ግን ይጠየቃሉ። ስለዚህ በዚያ ቅጽ ላይ ከ«የወላጅ ፊርማ» ሥር «ልጁን የሚያሳድገው ሰው» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር፣ የአያቲቱ አሻራ የሚያርፍበት የራሱ ቦታ ያገኛል።