ማስተካከያ፦ የቻይናው ባለቀዳዳ ሳንቲም አልተበሳም

ባለፈው ጽሑፌ የቻይናው ንጉሥ የቺየንሎንግ ዘመን ሳንቲም «ከነሐስ ተቀጥቅጦ በ1736 የተሠራ፣ መሃሉ በኋላ የተበሳ» ነው ብዬ ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር አራት ስህተት! ይቅርታ።

ሳንቲሙ አልተቀጠቀጠም። የቀለጠው ማዕድን አሸዋ ላይ በታተመ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ነው የተሠራው። ሲቀዘቅዝ ሳንቲሞቹ ልክ እንደ ዛፍ ፍሬ ከአንድ ግንድ ጋር ተያይዘው ይወጣሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይሰበራሉ። ቀዳዳውም አብሮ የወጣ እንጂ የተበሳ አይደለም። አራት ማዕዘን መሆኑ ደግሞ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ሳንቲሞቹን አራት ማዕዘን ዘንግ ላይ ደርድረው ሻካራ ጠርዛቸውን ሲሞርዱ አይሽከረከሩም። ክብ ቢሆን ሞራጁ ፍዳውን ባየ ነበር። ገበያ ላይ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ በገመድ ይታሰሩ ነበር።

ነሐስ ያልኩትም ናስ ነው። እኛ ሁለቱን እያቀላቀልን ስለምንጠራ ብዕሬ አመለጠኝ። ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ነው፤ ናስ ግን መዳብና ዚንክ። ቻይናዎች ለሳንቲም ወደ ናስ የዞሩት ከቺየንሎንግ በፊት፣ በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

1736ስ? እ.ኤ.አ. የንግሥና ዘመኑ የጀመረበት ዓመት ነው። ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው የዘመኑ ስም እንጂ ዓመት አይደለም፤ ዘመኑም እስከ 1795 ዘልቋል። ፊቱን ስታነቡ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ጀርባው ላይ ያለው የማንቹ (የንጉሡ ወገን የሆነው ሕዝብ) ጽሑፍ ደግሞ የተሠራበትን የሳንቲም ማምረቻ ቤት ይናገራል።