ይድረስ ለክቡር የጣት አሻራ ማሽን

ጉዳዩ፦ እኔ እኔ መሆኔን እንዲያምኑልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ባለፈው ሳምንት ስንገናኝ ደህና ነበሩ። ከፊቴ ለነበሩት ሁሉ አረንጓዴ መብራትዎን ቦግ ሲያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ። ከኋላዬ ለነበሩትም እንደዚያው። ቀዩን ያስቀመጡት ለእኔ ነበር።

ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ፤ ለነገሩ ጠባችንም በሱ ነው። ጡረታ የወጣሁ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነኝ። ጎልማሳነቴን በሙሉ ያሳለፍኩት በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጣቢያ፣ አንድ ደወል እየሰማሁ ነው። አሁን ሥራዬ በየጊዜው እርስዎ ዘንድ እየመጣሁ አለመሞቴን ማስመዝገብ ሆኗል። ጡረተኛ ያለበት ቤት ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። ሞቶ ጡረታ የሚበላ ሰው እንዳይኖር ሲባል፣ በሕይወት ያለው ተሰልፎ እንዲሞት ተወስኗል።

ሰልፉን ልለፈው። መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቷ «አባባ፣ አውራ ጣትዎን» አለችኝ። ሰጠሁ። እርስዎ ጢጥ አሉ፤ ቀይ። «ጠንከር አድርገው ይጫኑት።» ጫንኩት፤ ቀይ። «ኧረ ቀስ ብለው!» ቀስ አልኩ፤ ቀይ። «እስቲ በልብስዎ ይጥረጉት።» ጠረግኩት። ከኋላዬ ያለው ሕዝብ ምክሩን ጀመረ። ወረፋ ላይ ባለሙያ ያልሆነ ሰው የለም። አንዱ «እፍ ይበሉበት» አለኝ። ስንት ቃጠሎ ያጠፋሁ ሰውዬ ጎንበስ ብዬ ማሽን ላይ እፍ አልኩ። ሌላዋ «ፀጉርዎ ላይ አሸት ያድርጉት፣ ወዝ ይይዛል» አለች። ፀጉሬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ መውጣቱን በትሕትና አስረዳኋት። አንድ ወጣት አዝኖልኝ የራሱን ግንባር ሊያውሰኝ ምንም አልቀረውም።

ቀኝ እጄ አለቀና ወደ ግራ ተዛወርን። ትንሿ ጣት ላይ ስንደርስ እርስዎ አሰብ አደረጉ። መብራቱ ቆየት አለ። ወረፋው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ቀይ። ከኋላ «ኤጭ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ልጅቷ ስክሪኑን አዞረችልኝ። ፎቶዬ አለ። ስሜ አለ፣ ከነአያቴ። የተወለድኩበት ቀን አለ። ከሥሩ «አልተገኘም» ይላል።

«አባባ፣ ሲስተሙ እርስዎ አይደሉም እያለ ነው።»

«ታዲያ ማን ነኝ?»

«እሱን አያወጣም።»

«ፎቶው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። «እርስዎማ ነዎት» አለች። «ግን ባለመብቱ በአካል ቀርበው አሻራ መስጠት አለባቸው።»

በአካል የቀረብኩት ሰውዬ፣ ባለመብቱን በአካል ይዤ እንድመጣ ተነግሮኝ ወጣሁ። «ቀጣይ!»

እንግዲህ ጣቶቼን እርስዎ ማንበብ ካቃተዎት እኔው ላንብብልዎት።

ጭስ የሞላው ቤት ውስጥ ዓይን ጌጥ ነው። ባትሪ ቢያበሩም የሚታየው ጭሱ ራሱ ነው። ሙቀቱ ወደ ላይ ስለሚወጣ በጉልበት ነው የሚገባው፤ ጣሪያው ሥር ያለው ሙቀት 600 ዲግሪ ሲጠጋ ክፍሉ እንዳለ በአንዴ ሊቀጣጠል ይችላል። አንድ እጅ ከግድግዳው አይለቅም። ከለቀቀ የገቡበት በር ይጠፋል። ሌላው እጅ አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከበር ኋላ ይዳስሳል። ልጆች ሲፈሩ የሚደበቁት እዚያ ነው። መንገዱ ከጠፋም ቱቦውን እየዳበሱ መመለስ ነው። ጀርባ ላይ ያለችው ሲሊንደር (ሰው ኦክስጅን ይላታል፤ ውስጧ ያለው ይኸው ሁላችንም የምንተነፍሰው አየር ነው፣ ታምቆ) 30 ደቂቃ ተብሎ ቢጻፍባትም፣ ሰው ተሸክሞ ለሚያለከልክ ያን ያህል አትቆይም። እናም ጣት ቶሎ ማንበብ ነበረበት። የእኔዎቹ ያነቡ ነበር። «ነገ ይመለሱ» ብለውም አያውቁም።

ጓንትስ? ነበረን እንጂ። ግን ያ ወፍራም ጓንት ለመጥረቢያ እንጂ ለመስኮት መቀርቀሪያ አልተሠራም። ከረጠበ ደግሞ ሙቀቱን እንፋሎት አድርጎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። አንድ ሌሊት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ትንሽ የብረት መቀርቀሪያ በጓንት እምቢ አለችኝ። ጓንቴን አወለቅኩ። ተከፈተች። ከጀርባዬ የነበሩት ሰዎች በመሰላል ወረዱ። የአውራ ጣቴና የሌባ ጣቴ ቆዳ ግን መቀርቀሪያዋ ላይ ቀረ። የቀሩትን ጣቶች ሌሎች ሌሊቶች ተከፋፈሏቸው።

አሻራ እናታችን ማህፀን ውስጥ ሳለን የምንይዘው ነገር ነው። ላይ ላዩ ቢላጥ ያው ራሱ ተመልሶ ይወጣል። ቃጠሎው እስከ ታችኛው ቆዳ ከዘለቀ ግን የሚተካው ጠባሳ ነው። የተረፈውን ደግሞ ዕድሜ ያደርቀዋል። ይህን የሠሩዎት ሰዎች አሳምረው ያውቃሉ። ግንበኛውም፣ ልብስ አጣቢዋም፣ አረጋውያኑም እርስዎ ፊት ቆመው ጣታቸውን ሲያሹ ይውላሉ። እኔን የሚያበሽቀኝ ጆን ዲሊንጀር ነው። ያ አሜሪካዊ የባንክ ዘራፊ እ.ኤ.አ. በ1934 ፖሊስ እንዳይለየው ብሎ ጣቶቹን በአሲድ አስበላ። በዚያው ዓመት ተገደለ፣ አሻራውም ታወቀ። በቀለምና በወረቀት! እርስዎ በኤሌክትሪክ እየሠሩ እኔን ማወቅ ከበደዎት።

መፍትሔ የለም አልተባልኩም፤ ውሸት አልናገርም። ፎርም አለ። አሻራቸው ለማይነበብ ባለመብቶች የተዘጋጀ ነው። አሻራዬ እንደማይነበብ የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ይያያዛል። ሐኪም ጋ ሄድኩ። ማስረጃ የሚጻፈው ማንነቱ ለተረጋገጠ ሰው ነው አሉኝ። በምን ይረጋገጣል? ጠረጴዛው ላይ ወንድምዎ ቁጭ ብሏል። እሱም ቀይ ነው። የፎርሙ የመጨረሻ መስመር ላይ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የአመልካች አሻራ»።

የምስጋና ወረቀቴንም ይዤ ነበር፣ ከነፍሬሙ። «ለከፈሉት መስዋዕትነት» ይላል በወርቅማ ቀለም። ልጅቷ ገልብጣ ጀርባውን አየች። ባርኮድ ፈልጋ ነው።

አብሮኝ የሠራ ባልደረባዬ የሽንት ፊኛ ካንሰር ያዘው። ከሥራዬ የመጣ ነው ብሎ አመለከተ። ፎርም ሰጡት። «ጉዳቱ የደረሰበት ቀንና ሰዓት» የሚል ሳጥን ነበረበት። ባዶ ሲተወው «የትኛው እሳት ነው?» አሉት። የትኛው እሳት! ሶፋ፣ ፕላስቲክ፣ ቀለም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የበላ ጭስ ሲጠጣ ነው የኖረው። ጥቀርሻ የጠጣ ልብሱን ከአልጋው አጠገብ ሰቅሎ ነው የተኛው፤ የጠቆረ ልብስ ያኔ ኩራት ነበር፣ ማንም እጠበው አላለንም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ይህ ሥራ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ ነበር። በ2022 «ይችላል» የሚለውን ትቶ ያመጣል አለ፤ የፊኛውን ካንሰር በስም ጠርቶ። ባልደረባዬ ይህን አሳትሞ አያያዘ። «ቀኑና ሰዓቱ አልተሞላም» ተብሎ ተመለሰለት። ሳይሞላው ሞተ። የሞተበት ቀን ግን ወዲያው ተሞላ። ጡረታውም በዚያው ወር ቆመ። ያን ጊዜ አውራ ጣት አምጡ አላልክም። ኔትወርክ የለም አላልክም። ማን መሆኑን በደንብ አወቅከው! ለመቁረጥ ሲሆን ዓይንህ ብሩህ፣ ለመክፈል ሲሆን ቀይ!

አንቱታውን ልመልስ፣ ክቡር ሆይ።

አዳራሽዎንም ሳላደንቅ አላልፍም። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ የድሮ አመሌ መጣና ዞር ዞር ብዬ ቃኘሁ። የአደጋ ጊዜ መውጫው በሰንሰለት ተቆልፏል፤ ሌባ እንዳይገባ ነው አሉ። እሳት ማጥፊያው ከፋይል ክምር ጀርባ ነው። አንገቴን አስግጌ መለኪያውን አየሁት። ቀስቱ ቀዩ ላይ ተኝቷል። ለዘበኛው ብነግረው «አባባ፣ የመጡበትን ይጨርሱ» አለኝ። እኔማ በወደድኩ።

ልመናዬ ከባድ አይደለም። ያቺ ልጅ «እርስዎማ ነዎት» ብላኛለች። በሁለት ዓይኗ አይታ ነው ያለችው። ስክሪንዎ ላይ ይህን የምትጽፍበት አንዲት ሳጥን ይክፈቱላት። እስከዚያው ቆዳ የሚያለሰልስ ቅባት ገዝቼ ጠዋት ማታ እያሸሁ ነው። ሰኞ እመጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ፤ አሻራማ የለም)

ግልባጭ፦

ሃይድራንት (የእሳት አደጋ መኪና ውሃ የሚቀዳበት የመንገድ ቧንቧ) አፍ ላይ መኪናውን «ለአንድ ደቂቃ» ብሎ ለሚያቆመው ወንድማችን፤ መስታወትህን ሰብረን ቱቦውን በመኪናህ ውስጥ ያሳለፍነው በደስታ ነበር።

የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ ለሚደፉ ሁሉ፤ ውሃ እንፋሎት ሲሆን 1700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ የነደደውንም ዘይት ይዞት ይነሳል። ድስቱን ክደኑት፣ ምድጃውን አጥፉት እያልን ጉሮሯችን ደረቀ።

እሳት ሳይኖር በሌሊት እየደወለ ለሚስቀው ልጅ፤ ቁጥርህ ይታየን ነበር።