ጥርስ ነቅሎ መሄድ ብቻውን አይበቃም

የጥርስ ሕመም ማታ ይብሳል። ጋደም ሲባል ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ይበዛል፤ ውጋቱም አብሮ ይጨምራል። ቤት ያለው ሰው ማስታገሻ ውጦ፣ ትራሱን ከፍ አድርጎ ሌሊቱን ይገፋል። ሲነጋም ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ትራስም ሐኪምም የለውም።

በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች ለእነዚህ ሰዎች አልፎ አልፎ ነጻ የጥርስ ሕክምና ዘመቻ ያካሂዳሉ። ድካማቸውን ከልቤ አከብራለሁ። ግን ብዙ ጊዜ ጥርስ ይነቀላል፣ ጥጥ ይነከሳል፣ በቃ። ሰውየው ከሕመሙ ይገላገላል፤ እሱ እውነት ነው። የፊት ጥርሱን ካጣ ግን ሥራ ሊጠይቅ ሲሄድ አፉን በእጁ ሸፍኖ ነው የሚያወራው። ማኘክ ይቸግረዋል፤ የተሰጠውን የሚበላ ሰው ደግሞ ለስላሳ ምግብ መምረጥ አይችልም።

መንቀል ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። መግል የቋጠረ ጥርስ ቀልድ አይደለም። ኢንፌክሽኑ ወደ አንገት ወርዶ መተንፈሻ ሊዘጋና ሰው ሊገድል ይችላል። ድንገተኛ ክፍል ሄዶ አንቲባዮቲክ ብቻ ይዞ የተመለሰ ሰው ያገኘው የጥቂት ቀን ፋታ ነው። ጥርሱ እስካልታከመ ወይም እስካልተነቀለ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል።

የሚያንገበግበኝ ነገሩ እዚያ ሳይደርስ ማስቆም የሚቻል መሆኑ ነው። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ አለ። የተበላው ጥርስ ላይ ሲቀባ ብዙ ጊዜ መበላቱን ያስቆመዋል። መርፌ የለ፣ መሰርሰሪያ የለ። ቦታውን ስለሚያጠቁረው ግን፣ በተለይ የፊት ጥርስ ከሆነ፣ አስቀድሞ ነግሮ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ግላስ አዮኖመር የሚባለው መሙያም አለ፤ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ፍቆ፣ ያለ ኤሌክትሪክ መሙላት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለቱንም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ሐኪሙ ወደ ሰዎቹ ይሂድ። ስልክና አድራሻ ለሌለው ሰው ቀጠሮ መስጠት አለመስጠት ነው። ቀጠሮው ከምግብ ሰልፍ ጋር ከተጋጨ ደግሞ ማንም ሰው ምግቡን ይመርጣል። ምግብ የሚታደልበት ቦታ፣ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን፣ ያው ሐኪም ይምጣ። ፊቱ ሲለመድ አፉን ለመክፈት የሚያፍረውም ሰው ይቀርባል። «ለምን አትቦርሽም?» የሚለው ቁጣ ይቅር። ውኃ ከየት አምጥቶ?

ሰው ሠራሽ ጥርስም ቅንጦት ተደርጎ አይቆጠር። ደጅ የሚያድር ሰው ቦርሳው ሲሰረቅ ጥርሱም አብሮ ይሄዳል። ስሙ ይጻፍበት፤ ከጠፋም ያለ ወቀሳ ሌላ ይሠራለት።

ዘመቻ ለምታዘጋጁ ወገኖቼ አንድ ልመና አለኝ። ዕቃችሁን ጭናችሁ ከመነሣታችሁ በፊት፣ የምትመለሱበትን ቀን እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው።