ቲ-33 በአንድ መስመር አይታለፍም

ስለ አየር ኃይላችን የቀድሞ አውሮፕላኖች የጻፋችሁትን ደብረ ማርቆስ ሆኜ ሁለቴ አነበብኩት። የማሠልጠኛ ጄቱን ቲ-33ን ግን «አሮጌ ማሠልጠኛ» ብላችሁ በአንድ መስመር ማለፋችሁ ቅር አሰኝቶኛል። ስንት አብራሪ ጄትን የለመደው በእሱ ነው እኮ!

መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ባለ አንድ ወንበሩን ኤፍ-80 ተዋጊ አንድ ሜትር ገደማ አስረዝመው ሁለተኛ ወንበር ጨመሩበት። ተማሪው ከፊት፣ አስተማሪው ከኋላ። ከ6,500 በላይ ተሠርቷል። ቦሊቪያ እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ ስታበረው ነበር።

አጎቴ ደብረ ዘይት የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ወጥተው ጎዛምን ሲገቡ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን በዱላቸው ሁለት ጫፍ ውኃ የሞላ ጣሳ አሰሩና ትከሻቸው ላይ አጋደሙት። ከአንዱ ጣሳ ውኃ ሲያፈሱ ዱላው ወደ ሌላው አዘነበለ። «በቲ-33 ክንፍ ጫፍና ጫፍ ያሉት የነዳጅ ታንከሮች እኩል ካልቀነሱ እንዲህ ነው የሚጎትተው» አሉኝ። ያኔ ቁልጭ ብሎ ገባኝ።

እባካችሁ የማሠልጠኛ ጄቶቹን ታሪክ፣ ኤል-39ንም ጨምራችሁ፣ ለብቻው በሰፊው ጻፉልን። የድሮዎቹን የጥገና ሠራተኞችም በሕይወት እያሉ ጠይቋቸው።