እኛም ሀዋሳ ላይ በዚሁ መጽሐፍ ተጨቃጭቀናል

ስለ አንድ አዲስ ደራሲ የመጀመሪያ ምናባዊ ልብ ወለድ (ዘንዶና አስማት ያለበት ነው) የወጣ ጽሑፍ አነበብኩ፣ በመጽሐፉ አንባቢው ለሁለት ተከፈለ ይላል። ልክ ነው። እኛም ባለፈው ቅዳሜ ሀይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ አራት ሆነን ዓሣ ጥብስ አዘን ስንከራከር ዓሣው ቀዘቀዘ፣ አንድ አባ ኮዳ (ያ ትልቁ ወፍ) ደግሞ አጠገባችን ተገትሮ አጥንቱን ይጠብቃል፣ ከሁላችንም የቸኮለው እሱ ነበር።

አንዱ ጓደኛዬ ገጽ 60 ላይ ትቶታል። «የጎሳ ስም ስቆጥር ታሪኩ ጠፋብኝ» ነው የሚለው። እውነቱን ለመናገር እኔም ስሞቹን ሽፋኑ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እየጻፍኩ ነው የዘለቅኩት።

ግን ጽሑፉ ላይ «ዘንዶና አስማት የፈረንጅ ነው» ያሉት አንባቢ አልተዋጡልኝም። ኧረ በፈጠራችሁ! አርዌ የሚባል ዘንዶ አክሱምን ገዝቶ ልጃገረድ ይገበርለት ነበር እየተባለ ስንት ዘመን ተተርኳል? ማታ ማታ ጅብ ስለሚሆን ሰው ሳይሰማ ያደገስ ማን አለ? (እኔ እስካሁን ጅብ ሲጮህ ብርድ ልብሱን አናቴ ላይ ነው የምስበው።)

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ገጸ ባሕርያቱ በተጨነቁ ቁጥር አስማቱ ከች ይላል፣ ምንም አያስከፍላቸውም። አንድ ቦታ ብቻ ያስከፍላል፣ ልጅቷ ሀይቁን ስትሻገር ውሃው ስሟን ፊደል በፊደል የሚወስድባት ጋ። እናቷ ማዶ ቆማ በምን ልትጠራት ነው እያልኩ ሳነብ ባጃጁ መውረጃዬን አልፎ ሄደ።

ሁለተኛው ክፍል ከወጣ እገዛለሁ። ያ ጓደኛዬም ከኔ ተውሶ ያነባል፣ አውቀዋለሁ።